ለቢንቢ የተሰጠ ማር

በጦርነቱ ዓመት፣ ልጆቼ፣ ከተማችን መርሳ ላይ መብራቱም ቧንቧውም ቀጥ ባለበት ጊዜ፣ አንድ ትኩሳት ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ምርመራው ወባ የለም ይላል፤ ሰዉ ግን የወባ ኪኒኑን ይውጣል። ልጄ ለይላ ነፍሰ ጡር ነበረች። ገና አልያዛትም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ማታ አጎበሯን ራሴ ነበር የምዘረጋላት።

ግቢዬ ውስጥ ናጅዋ የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ተከራይታ ነበር። አንድ ጠዋት መጣችና፣

«አባባ፣ ማር አለዎት?» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለቢንቢ።»

ወላሂ! ስኳር እንኳ በጠፋበት፣ ለለይላ አራስነት ያስቀመጥኳትን አንዲት ማሰሮ!

«ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ቢንቢዋ ትመርመር ብንል፣ ይዞ ለማቆየት በረዶ ያስፈልጋል፤ መብራት የለም» አለችና ቁራጭ ወረቀት አሳየችኝ። «ይህ ወረቀት ግን መድኃኒት አለበት። ማር ስንቀባው ትልሰዋለች፤ ምራቋ እዚያው ይቀራል። በምራቋ ቫይረስ ካለ ምልክቱ ሳይጠፋ ይቆያል። መንገድ ሲከፈት ለምርመራ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ እንልከዋለን። ለለይላም ብዬ ነው፣ አባባ።»

ምን ላድርግ፣ ሰጠኋት።

ማር የተቀባውን ወረቀት የያዘውን የቢንቢ ወጥመድ በርጩማ ላይ አድርጋ ከውሃ በርሜሌ አጠገብ አኖረችው። በማግስቱ ጉንዳን ማሩን ጠራርጎ ልሶታል! እኔም ለማሰሮዬ እንደማደርገው፣ የበርጩማውን እግሮች ውሃ በሞላሁባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቆምኳቸው። ጉንዳኑ ቀረ። ኮራሁ። ሰንበት ብሎ ናጅዋ ጎንበስ ብላ አየችና ጮኸች።

«አባባ! እየያዝናቸው ነው ወይስ እየፈለፈልናቸው?»

ጣሳው ውስጥ የቢንቢ ትል ይተራመሳል። እኩያዬና ጎረቤቴ፣ ወንድሙ የሚባለው መካኒክ፣ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ሙሄዲን፣ ማሩ አልበቃ ብሎ መኝታም ሰጠሃቸው?» አይለኝም! ቢሆንም የተቃጠለ ዘይት አመጣልኝ። ውሃውን ደፍተን ዘይቱን ሞላን። ማሩም እንደገና ተቀባ። ማሰሮዬ ባዶዋን ቀረች።

መንገዱ ተከፍቶ ወረቀቶቹ ሄዱ። መልሱ በስልክ ሲመጣ ናጅዋ ዓይኗን ከበርሜሌ አልነቀለችም።

«ወባ አይደለም፤ ቫይረስ ነው። ይህቺኛዋ ቢንቢ የምትነክሰው ቀን ነው። የምትፈለፈለውም በየቤቱ ባጠራቀምነው ውሃ ነው።»

ለይላ ደግሞ ቀን ቀን ጥላ ፍለጋ የት ነበር የምትቀመጠው? በርሜሉ ሥር! ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ በርሜሉን ሸፈንኩና በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

አልሐምዱሊላህ፣ ለይላ ሳትታመም ወለደች፤ ያለ ማር።

ወንድሙ ግን፣ በርሜልህን ክደን ብለው፣ «የወባ ኪኒኔን ውጫለሁ እኮ» ይለኛል! እየተነጫነጭኩ ሄጄ እኔው ከድኜለት መጣሁ።