የአውጫጭኙ ወፍ

ገበሬውን ውዱን የሰደበው ቃለ አብ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ቦታው ደባርቅ ገበያ ዳር ያለችው የስልክ መጠገኛ። ውዱ ድንች ሸጦ ስልክ ገዝቶ ነበርና፣ «ያን ቢትኮይን የምትሉትን ነገር እኔንም አስተምረኝ» አለው።

ቃለ አብ ስልክ ጠጋኝ ከመሆኑ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል። ከሚፈታው ስልክ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አያ ውዱ፣ ይህ ነገር የሚከፈተው በአሥራ ሁለት ቃል ነው» አለ። «ቃሉ አይጻፍም፣ በራስ ይያዛል። አንቱ ደግሞ አምስት ልጅዎን ሲጠሩ ሦስቱን አሳስተው ነው!»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። የሌላው ሳቅ ቶሎ አለቀ፤ የጎረቤቱ የየሺዋስ ግን እንባ እስኪያወጣው ድረስ ረዘመ። ውዱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የሚመልሰው ቃል የመጣለት መንደሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ከአራተኛ ክፍል ሲወጣ መምህሩ ያለውን፣ በሠርጉ ቀን አማቱ ያሉትን፣ ሁሉንም እንደ ዘር እህል ለይቶ አስቀምጧል። ይህንንም ከዚያው ጨመረው።

ቃለ አብ የሚሠራውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቤሩት ያለች፣ ወረቀት ስለሌላት ባንክ የማያስገባት ልጅ ቢትኮይን በስልክ ትልክለታለች፤ እሱ እዚህ ለእናቷ ብር ይሰጣል። «ባለቤት የለውም» ይል ነበር። «ሂሳቡ ሺህ ቦታ ተጽፏል። አንዱን ቢዘጉት ሌላው ይናገራል፤ ሹም አይሰርዘውም።» ነሐሴ ላይ ኢንተርኔቱ ሲጠፋም ሥራውን አልተወም። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ከቆላው ማዶ ኔትወርክ የሚስብ አንድ ድንጋይ አገኘና እዚያ እየተቀመጠ ይሠራ ጀመር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ከበላይ የመጣ ሰውዬ አገሩን ሜዳ ላይ ሰበሰበ።

«ይህ በስልክ ብር የሚያዞረው መረብ አይዘጋም ይሏችኋል» አለ። «እውነት ነው፣ አይዘጋም። ግን ሰው ነው የሚያሠራው። ሰውየውን እናንተው ታወጡታላችሁ፤ በራሳችሁ ሥርዓት፣ በአውጫጭኝ።»

አውጫጭኝ የሌባ መፈለጊያ ነበር። ሰው ሁሉ ሜዳ ይውላል፤ እየተነሣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ወደ ተመረጠው ሽማግሌ ጆሮ ጎንበስ ይላል፤ የሚያውቅ ካለ እዚያ ሹክ ይላል። ሹክ ያለው ወፍ ይባላል፤ ሽማግሌው የወፉን ስም ይዞት መቃብር ይወርዳል። ስም እስኪጠራ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። አሁን ግን የተሰረቀበት ሰው አልነበረም።

ደባርቅ የሚያድረው ቃለ አብ አልተጠራም፤ ሁለት ቀን ሙሉ አገሩ በሐሰት ማለ። ገብሱ ደርቆ እየረገፈ እንኳ ማለ። የሺዋስ፣ «ኧረ ገብሴ አለቀ፣ የሚያውቅ ካለ ይናገርና ልቀቁን!» ብሎ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ ተራው ሲደርስ ግን እሱም «አላየሁም» አለ። በሦስተኛው ቀን ውዱ እንደ ሌላው ሁሉ በተራው አባ ሀብተ ሚካኤል ፊት ቀረበ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ሰጡት።

«ቃለ አብ ነው። ሊማሊሞ አፋፍ፣ ድንጋዩ ላይ ያገኙታል።»

አባ ሀብተ ሚካኤል ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ከእውነት ነው ከቂም?»

«እውነት ነው።»

«እውነትነቱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ።

ቃለ አብ በዚያው ዕለት ከድንጋዩ ላይ ተያዘ። አሥራ ሁለቱን ቃል አምጣ ሲሉት፣ «ረሳሁት» አለ። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው! አምስት ሳምንት ሙሉ ረሳሁት እንዳለ ቆየ። መረቡም አልተዘጋም፤ አምባ ጊዮርጊስ ያለ ሌላ ልጅ ሥራውን ያዘና የቤሩቷ ብር በሳምንቱ ለእናቷ ደረሰ። ውዱ ይህን ሲሰማ ደጁ ላይ ቁጭ አለ። ታዲያ የዘጋው ምንድን ነው?

አገሩ ወፉን ፈለገ፤ ያን ያህል የጮኸው የሺዋስ ነበርና በእሱ ላይ ዞረ። የሺዋስ ለገብሱ ደቦ ጠራ፤ ሚስቱ አረጋሽ ጠላ ጠመቀች። ማንም አልመጣም። ጠላው ኮምጥጦ ተደፋ፣ ገብሱን ከብት ገባበት። ውዱም ተጠርቶ ነበር፤ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን፣ አሁን ይሳቅ እንግዲህ ብሎ ደስ አለው። ሁለተኛው ቀን ላይ ደስታው የለም። አረጋሽ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ተራቸውን ትተው ሲሄዱ አየ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከቅጽሩ ውጭ ቆመ፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲባል የሚሰማው ስለ ሌላ ሰው ይመስለው ነበር። አንድ ጠዋት ማጭዱን ይዞ እስከ የሺዋስ ማሳ ዳር ደረሰና፣ ብቻዬን ብገባ ለምን ይሉኛል ብሎ ተመለሰ።

ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ቃለ አብ ተፈታ። ውዱ ከየሺዋስ ማሳ በላይ ባለው መንገድ ላይ ተገናኘው። ቃለ አብ ከስቷል። ማጭድ ይዟል።

«አያ ውዱ፣ እርስዎን ነበር የምፈልግ። በዚህ በቀኝ ጆሮዬ ይናገሩኝ፤ ግራው ከታሰርሁ ወዲህ መስማት ትቷል።»

ውዱ በቀኙ በኩል ዞሮ ቆመ።

«ያን ቅዳሜ በሰው ፊት የተናገርሁዎት… ልጅነት ነው። አሥራ ሁለቱን ቃል በልቤ ስደግም የእርስዎ ልጆች ስም እየመጣ ያሳስተኝ ነበር» ብሎ ፈገግ አለ። «በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይህን ቃል ውዱ ዓመት ሊሞላው እስኪል ጠብቆታል። የሚመለሰው «ይቅር» በምትል በአንዲት ቃል ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቃታል።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለ ቃለ አብ። «ወፉ የሺዋስ ነው ይላሉ። በአውጫጭኙ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አይደለም ካሉኝ አሁኑኑ ማሳው ውስጥ እገባለሁ፤ እኔ ከገባሁ አገሩ ይከተለኛል፣ የተረፈው ገብስ ይተርፋል። አንቱ ውሸት አያውቁም። እሱ ነው?»

ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጆሮውን አቀረበ። ልክ አባ ሀብተ ሚካኤል እንዳቀረቡት።

አይደለም የምትለው ቃል ውዱ ምላስ ላይ ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ፣ ታዲያ ማን ነው የሚል ጥያቄ እንደሚመጣም ታየው። ከታች የከብት ደወል ተሰማ፤ የሺዋስ ገብስ ውስጥ ነው።

ውዱ ሁለቱንም ቃል ሳይናገር ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ወደ ቤቱ ቁልቁለቱን ያዘ። ቃለ አብ ጆሮውን እንዳዘነበለ መንገዱ ላይ ቀረ።