የክላሪ ጓሮ አፈር

«በክላሪ ጓሮ ያረጀ ውሻ ታይቶ አያውቅም» ትላለች ዞርካ። የሰርዲን ዓሣ በሚጸዳበት ጠረጴዛ ከቲገን ጎን ቆማ፣ ቢላዋዋን ሳታቆም፣ ትናንት ያላለችው ይመስል ዛሬም ትለዋለች። አንዱ በቡችላነቱ ሽባ ሆነ፤ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ ሞተ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ክላሪ ራሱ በሞት ቀደመው።

ቲገን የሰው ወሬ አፏን ከፍታ የምትሰማ ሴት አይደለችም። ወሬ የሚመርዝ ቢሆን አንቺ አጠገብ ቆሜ እስከ ዛሬ አልተርፍም ነበር አለቻት። ቤቱን ወዳዋለች። የክላሪ ሚስት መርል ብቻዋን ቀርታ የምትሸጠው፣ ከወደቡ ጀርባ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጓሮው ሰፊ፣ ኪራይ ያንገሸገሻት፣ ባል የሌላት ሴት ለሁለት ዓመት ልጇ የምትመኘው ዓይነት። ልጇ ኢንዲ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው፤ አሸዋ፣ ቀንድ አውጣ፣ የእናቷን ጫማ።

ሐሙስ ዕለት ፈረመች፤ ለዓመታት ያጠራቀመችውንም ለመያዣ ከፈለች። በደቡብ አውስትራሊያ ሕግ ገዥ ከፈረመ በኋላ ሁለት የሥራ ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር ለምን የሚለው የለም። ከዚያ ወዲያ እንቢ ያለ ግን መያዣውን ያጣል። ቲገን የዞርካን አፍ ለመዝጋት ብላ አፈር የሚመረምር ሰው ቀጠረች። ሰውዬው ዓርብ መጥቶ ከጓሮው ቆፍሮ ወሰደና ነገ እደውላለሁ አለ።

ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ዓሣ ስታጸዳ፣ ስልኩን በጎማ ሽርጧ ሥር ይዛ ዋለች። አልጮኸም። ፈረቃው ሲያልቅ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት ብላ ቆጠረች።

እሑድ ጠዋት መርማሪው ደወለ፤ አፈሩን የባትሪ ስብርባሪና እርሳስ ሞልቶታል አላት። ክላሪ የሞቱ የመኪና ባትሪዎችን እየፈለጠ፣ እርሳሱን እያቀለጠ፣ መረብ የሚያሰምጥ ክብደት ሲሠራ ኖሯል፤ አተላውን የደፋው እዚያው ጓሮው ውስጥ ነው። የመርማሪው ድምፅ ለዘብ አለ።

«ትንሽ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«አፈር ትቀምሳለች?»

ቲገን ወደ ልጇ ዞር አለች። ኢንዲ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷን ትጠባ ነበር። ሰውዬው ቀጠለ፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ሲበላ ድምፅ የለውም፣ እናት የምትነቃው ልጂቱ ፊደል መቁጠር ሲያቅታት ነው አላት። ቲገን ስልኩን ዘግታ የልጇን ጣት ከአፏ አወጣች፤ እጇን ይዛ እስኪቀላ አጠበችው።

ደላላው ግራንትሊ በዚያን ቀን ሌላ ቤት ለገዥዎች ያሳይ ነበር። እዚያው ሄደች። ለእሷ መጠየቅ ማለት መለመን ነው፤ ስለዚህ የምታውቅ መስላ ቀረበችው።

«ሁለቱ ቀን ትናንት አልቋል፣ አይደል?»

«መቼ ነበር የፈረምሽው?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲህ ቁጠሪዋ። አንቺን ማን ያስተምርሻል።»

ግራንትሊ ዓርብ፣ ቅዳሜ ብላ የዘረጋቻቸውን ሁለት ጣቶቿን አየና ወደ ሌላው ገዥ ዞሮ ፈገግ አለ።

ሰኞ ጠረጴዛው ላይ መርማሪው ያለውን፣ ቀኑም እንዳለቀ ለዞርካ ነገረቻት። ዞርካ ውሾቹን ትታ ጠበቃ ጠይቂ አለቻት። ቲገን፣ ሁለት መቁጠር የሚያቅተኝ መሰለሽ ወይ ብላ ቆረጠቻት። ቁልፍ እስክትቀበል ባሉት ሳምንታት ጓሮውን በሲሚንቶ ላስለብሰው ብላ አሰበች፤ ግን የቀራት ገንዘብ አልነበረም። ኢንዲ ቃል ስትስት፣ ስትደናቀፍ፣ አርፍዳ ስትነሣ ባየች ቁጥር እርሳሱ ይሆን ትላለች። ልጂቱ ያን አፈር ገና አልረገጠችውም።

ቁልፉን ያስረከበቻት መርል ራሷ ነበረች። ቲገን ኢንዲን መሬት እንዳትነካ አቅፋት በረንዳው ላይ ቆመች።

«ቤቱን ከልብሽ እንደወደድሽው ያን ሰኞ ነው ያወቅሁት፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «ስለ ጓሮው ሰምታ ትተወዋለች ብዬ ስልኩን ታቅፌ ነው የዋልኩት።»

«የትኛውን ሰኞ ነው የሚሉት?»

«ከፈረምሽ በኋላ ያለውን ነዋ። ቅዳሜ በሕግ የሥራ ቀን አይደለም። እስከዚያን ሰኞ ማታ ድረስ መተው ትችዪ ነበር።»