ኑርዬ ያልጠራው ጥሪ

ከሐይቁ በላይ ባለችው በዚያች መንደር ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል ይባል ነበር፤ አንዴ ነፍሱ ስትወጣ፣ አንዴ ኑርዬ ሲጠራው። ያለ ኑርዬ ጥሪ የቅሬ፣ የመንደሩ ዕድር፣ ሰው አካፋ አያነሳም፤ ሟች ከቤቱ አይወጣም። እስላሙም ክርስቲያኑም ቀባሪው አንድ ቅሬ ነው፣ ደንቡም አንድ። ኑርዬ ከመንደሩ አናት ካለችው ቋጥኝ ላይ ይወጣል፣ እጁን ከጆሮው ያኖራል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ድምፁ በውኃው ላይ ተንሸራቶ የማዶውን ሰው ሳይቀር ከማሳው ያስነሳል።

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚለው ያን ድምፅ ነበር። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ታዲያ ሙዘይን የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ። ከሳውዲ የተመለሰ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት፣ ሰው እያናገረው ስልኩን የሚነካካ ሰው ነው። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ፣ «ያ ጀማዓ፣ በዚህ ዘመን ሞት በጩኸት ይነገራል? ስልክ አለ እኮ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ያባትህን ሞት ማን ጠራልህ? ያኔ ስልክህ የት ነበር?» ሲል ኑርዬ በሆዱ መለሰ። የሆድ መልስ ደግሞ እንደ ቁስል ነው፤ እያደር ያመረቅዛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት ታጣቂዎች ሐይቅ ከተማን ያዙ። ከመንገዱ ሚኒባስ ጠፋ፤ ባለባጃጁ ባጃጁን ጭድ አልብሶ ደበቀ። ኑርዬን ከመንገድ ይዘው ከማያውቃቸው መንገደኞች ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ ዘጉበት። ወሬ አቀባይ ነህ አሉት። አንድ ጧት ሙዘይን በገዛ እግሩ መጣ። ይሄ ገበሬ ነው፣ ይሄ በሽተኛ ነው እያለ ስለታሰረው ሁሉ ባንድ ባንድ ይለምን ጀመር። ኑርዬ ዘንድ ሲደርስ አዛዡ፣ «ይሄስ?» አለ።

«ይሄ? ይሄ ምን ያውቃል ጌታዬ! ጯሂ ነው። አፍ እንጂ ጭንቅላት የለውም፤ ልቀቀው።»

አዛዡ ሳቀና ለቀቀው። መንገደኞቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ ኑርዬ ነፍሱንና ስድቡን ይዞ ወደ መንደሩ ወጣ። በስድብ የተገኘች ነፍስ ለማን ትነገራለች?

ታጣቂዎቹ ሲወጡ ወሬው ገባ። ሙዘይን ሰፈራቸው ሲገባ ታይቷል፤ ቤት ጠቁሟል ተባለ። ቅሬው ተሰበሰበ። ዳኛው አብዱልሰመድ፣ «ኑርዬ፣ አንተ እዚያ ነበርክ። ምን አየህ?» አለው።

ኑርዬ መሬት መሬት አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጯሂ ነኝ» አለ።

ያን ቀን ሙዘይን ከቅሬ ወጣ። እሳት እንዳይጫርለት፣ ሞቱም እንዳይጠራ ተፈረደ። ብዙም አልቆየ፤ ታመመ፣ ባንዱ ንጋት ሞተ። ፀሐይ ሳትሞቅ ሚስቱ ራዚያ ኑርዬ ደጅ ላይ ቆማ ነበር።

«አያ ኑርዬ፣ ጥራልኝ።»

«ቅሬው ከልክሏል።»

«አጥቤ ከፍኜዋለሁ፣ ብቻዬን። አሁን ደግሞ ብቻዬን ልሸከመው?»

«በስልክ ይጠራላ! ስልክ አለ አላለም?» አላት። ካፉ ከወጣ በኋላ ምላሱ መረረው።

ራዚያ አላለቀሰችም። «እሺ» አለችና ሄደች።

ኑርዬ ደጁ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍል ያዘ። ጭጋጉ ከውኃው ላይ አልተነሳም። ሲንጫጩ የነበሩት የሐይቁ ወፎች ባንዴ ዝም አሉ፤ ያኔ ከጭጋጉ ውስጥ መጣ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

በቆሎው ከእጁ ወደቀ። የገዛ ድምፁ ነው። «ላልሰማ» ላይ ሲደርስ ከልጅነቱ ጀምሮ የምትሰበርበት ነገር አለች፤ እሷም ሳትቀር ተሰበረች። ከንፈሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ ተዘግቷል። ወደ ቋጥኟ ቀና ብሎ አየ፤ ሰው የለባትም። ቀጥሎ የተጠራውን ስም ጭጋጉ ዋጠበት። ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ፣ ጆሮውንም ያዘ።

የቀትር ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲቃረብ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማና ከፈተ። ቅሬው አካፋና ቃሬዛ ይዞ እየመጣ ነው። ወደ ራዚያ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ ግን አለፉት። ፊት ፊት የኑርዬ የገዛ ሚስቱ ሙጂባ ትመራለች፤ ከከተማው ወፍጮ ቤት እየሮጠች የመጣች ናት፣ ዱቄቱ ከእንባዋ ጋር ፊቷ ላይ ቦክቷል። ስታየው ደርቃ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀረበችና ትንፋሹን ልትፈትሽ ጣቷን ከአፍንጫው ሥር አኖረች።

«ኑርዬ ሞቷል ብለህ ጠራህ» አለችው።

«ማን?»

«አንተ። በራስህ ድምፅ።»

ቆፋሪው ማህዲ ከኋላ፣ «አያ ኑርዬ፣ ጉድጓዱን እኮ ጨርሰናል!» አለ፤ መቀለዱ ይሁን መፍራቱ አልለየለትም።

አስረስ የሚባለው ሽማግሌ ዶማውን ተደገፈ። «የተማሰ ጉድጓድ ባዶውን አይደፈንም። ባዶውን ከደፈኑት ሌላ ሰው ይጠራል» አለ። ማንም አልተቃወመውም። ሁሉም ኑርዬን አዩት፤ እንደ ጠላት ሳይሆን ቁመቱን እንደሚለካ ሰው።

«ቆሜ አይደለም እንዴ!» አለ ኑርዬ።

«እንግዲያ ለማን ነው የማስነው?» አለ አብዱልሰመድ።

ኑርዬ በእጁ ወደ ራዚያ ቤት አመለከተ። «ለሙዘይን።»

«ሙዘይን ላይ ቅሬው ፈርዷል።»

«ቅሬው የፈረደው እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ሰውየው ቤት ሊጠቁም አልገባም፤ እስረኛ እንዲፈታ ሊለምን ነው የገባ። ወላሂ፣ እኔንም ያስፈታኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን አፍህን ያዘህ?»

ነገራቸው። ጯሂ መባሉን፣ አፍ እንጂ ጭንቅላት የለውም መባሉን፣ የአዛዡን ሳቅ ሳይቀር ነገራቸው። ማህዲ ሳቅ አመለጠው፤ ማንም ሳያግዘው ሲቀር መሃል ላይ ዋጠው።

«ይህን ለመናገር ነው ይህን ያህል የከበደህ?» አለ አብዱልሰመድ።

«ሌላ ስድብ ቢሆን እናገር ነበር።»

ዳኛው ወደ ቋጥኟ ቀና ብሎ አየ። «እኛም መስካሪ ስናጣ ወሬውን ምስክር አደረግን» አለ። «ውጣና ጥራው።»

ኑርዬ ቋጥኟ ላይ ወጣ፤ እጁን ከጆሮው አኖረ፤ አፉን ከፈተ። ንፋስ በተሰነጠቀ ቅል ውስጥ ሲያልፍ እንደሚለው ያለ ሽውታ ብቻ ወጣ። ደገመ። ምንም። ከሥሩ ግን ቅሬው የተጠራ ያህል ተነሥቶ ወደ ራዚያ ቤት ታጥፏል፤ ከማዶም ሰዎች አካፋ ተሸክመው በውኃው ዳር እየመጡ ነው።

ሲወርድ ራዚያ ደጃፏ ላይ ጠበቀችው።

«ሰማሁህ፣ አያ ኑርዬ። ስሙን አሳምረህ ጠራኸው። አላህ ይውደድልህ።»

እኔ አይደለሁም ሊላት አፉን ከፈተ። ድምፅ አልነበረበትም። ራሱን ቢነቀንቅ ኀዘን መሰላት፤ «አብሽር፣ አይዞህ» ብላ ትከሻውን ነካችው። ኑርዬ ጎንበስ ብሎ ገባና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ።