የክኖፍሌ ማማሰያ

ሪኬ ያን ቀን ጠዋት ሦስቴ ልብስ ቀያይራ ቀያይራ በመጨረሻ የአያቷን የሥራ ቱታ ለብሳ ወጣች። እግሩ አራት ጊዜ ታጥፎም ይጎተታል፤ ግን ያምርባታል፣ በጣም ያምርባታል! ደግሞ ይገባታል እኮ! ቪንከልባኽ መንደር ውስጥ በክኖፍሌ ልደት ቀን የክኖፍሌን ሞተር ማስነሳት ማለት ሙሽራ ከመሆን ይበልጣል። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የእሷ ነው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ! አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያስነሱት አያቷ፣ አባባ ኦትማር፣ ቼሪ ዛፍ ላይ ካልወጣሁ ብለው ወድቀው ትከሻቸው ታስሯል።

ኦይገን ክኖፍሌ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። እናቱ ሊጥ ስታቦካ እጇ እያበጠ ሲያስቸግራት አላስችል አለውና ሊጥ የሚያቦካ ሞተር እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያው ሞተር የዳቦ ቤቱን መስኮት ይዞ ሄደ። ሁለተኛው መስኮቱንም ቅንድቡንም። በሦስተኛው ጆሮው ተከተለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ጮሆ ሲያናግረው እንኳ ፈገግ ብሎ «አዎ፣ ዛሬ ደመና ነው» ይል ነበር አሉ። አራተኛው ግን ተነሳ! ሊጥ አቦካ፣ እንጨት ሰነጠቀ፣ ስንዴ ወቃ። ወንድሞቹ የሆኑ ሞተሮች ደግሞ እስከ ዳኑብ ማዶ ድረስ በየመንደሩ ዱግ ዱግ ዱግ እያሉ ውሃ ሳቡ።

ሰውዬው ሊሞት ሲል አራተኛውን ሞተር ለመንደሩ አወረሰ። ኑዛዜው ላይ ግን አንድ ነገር አለ፦ በየዓመቱ በልደቴ፣ የእኩለ ቀን ደወል ሳይደወል ይነሳ። ያልተነሳበት ዓመት የከተማው ሙዚየም ይውሰደው። ቆሞ ለመታየት ከሆነ እዚያው ይታይ!

ሪኬ ሦስቴ ልብስ የቀያየረችው ለዚህ ነው። አባባ ኦትማር በየቅዳሜው የክኖፍሌ ወርክሾፕ ገብተው ያንን ሞተር እንደ ላም ጀርባውን መታ መታ አድርገው ይወጣሉ። እሱ ከሄደ ቅዳሜያቸው ምን ሊሆን ነው?

«አየሽው?» አለቻት ጓደኛዋ ዴርያ፣ አፏ ውስጥ ዳቦ ወትፋ። «ሰውዬው ከነመኪናው መጥቷል። ብርድ ልብስ ሁሉ ይዞ! እንደ ሬሳ ጠቅልሎ ሊወስደው ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው። የሙዚየሙ ዶክተር ፌርበር በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እሱም ጥርሱ መሃል የማማሰያ ዳቦ አለ። ሁሉም ሰው አለው! በክኖፍሌ ልደት የወጥ ማማሰያ የመሰለ ረጅም ዳቦ እንደ ፒፓ ነክሶ መዞር የመንደሩ ወግ ነው። ምክንያቱም ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ያለችው አንዲት የክኖፍሌ ፎቶ እንደዚያ ናት፤ ቅንድብ የለም፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ፣ አፉ ውስጥ የእንጨት ማማሰያ። «ሥራ ላይ እንኳ መብላት አይተውም፣ ሆዳሙ!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ይበላል።

ሪኬ እሳት የሚተፋውን ቡታጋዝ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው ሥር አስገብታ ለኮሰች። ፉፉፉፉ! ሃያ ደቂቃ ጋለ። ከዚያ ቀላል ነው፦ ትልቁን የብረት ጎማ ቀይዋ ምልክት ላይ ታቆሚያለሽ፣ ወደ ኋላ ትገፊዋለሽ፣ ይፈናጠርና ወደ ፊት ይነሳል።

ጎማውን አየችው። ያብለጨልጫል። ዞራ አየችው። ምልክት የለም!

«እትዬ ሮስቪታ!» ብላ ጮኸች። «ቀይዋ ምልክት የታለች?»

እትዬ ሮስቪታ ሞተሩን የሚንከባከበው ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ደረጃ ጠርገው ሲጨርሱ መጥረጊያውን የሚጠርጉ ሴት ናቸው። ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

«ያቺ ቆሻሻ? ሁለት ቀን ፈተግኳት እኮ! በኮምጣጤ አልለቅ ብላ በብረት ሽቦ ነው ያስለቀቅኳት። እንግዳ ይመጣል፣ ምን ይለናል?»

«ቆሻሻ አይደለችም! ክኖፍሌ በእጁ የቀባት ናት! ያለሷ የት እንደማቆመው አላውቅም!»

እትዬ ሮስቪታ ሲቀሉ ያቺ ምልክት ራሷ መሰሉ።

ሪኬ በግምት ሞከረች። ጎማው ወደ ኋላ ሮጠ። እንደገና። ሞተሩ ጥላሸት ተፍቶባት ዝም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ገፋችው፣ አሁንም የለም። ለደወሉ አሥር ደቂቃ ቀረ። ዶክተር ፌርበር ዳቦውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ወይኔ!

«አባባ፣ ምልክቷ የት ጋ ነበረች?» ብላ ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

«ውስጥ ቫልቩ ሲዘጋ ጢቅ ይላል» አሉ አባባ ኦትማር። «እዚያ ላይ ነው። ድሮ እሰማት ነበር።»

«አሁንስ?»

«ምን አልሽ?»

«አሁንስ አይሰሙም?»

«አዎ፣ ቡታጋዙ በጣም ይጮሃል» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ። የጆሮ መስሚያቸው መሳቢያ ውስጥ ከነማሸጊያው እንዳለ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

«ታዲያ አጥፊዋ!» አለች ዴርያ።

«ካጠፋሁት ቴስታው ይቀዘቅዛል! እንደገና ለማጋል ሃያ ደቂቃ!» ሪኬ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አስጠጋች። ፉፉፉፉ ብቻ። ፀጉሯ ሊቃጠል ነው። እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያያት ወደ ግድግዳው ዞረች። ክኖፍሌ ፊት ለፊት! ቅንድብ የሌለው፣ ማማሰያውን ነክሶ፣ ደስ ብሎት ያያታል።

*ሆዳም። ሰው በችግር ላይ ሆኖ አንተ ትበላለህ?*

ከዚያ ቆም አለች።

«ዴርያ። ሳህኑ የት አለ?»

«የምን ሳህን?»

«የሚበላ ሰው ሳህን የለውም? ድስትስ? የማማሰያዋን ጫፍ እያት! ሞተሩን ነክታለች! እየበላ አይደለም፣ ደንቆሮ ነበር እኮ፣ በጥርሱ እያዳመጠ ነው!»

መልስ አልጠበቀችም። በሰዉ መሃል ሮጣ ወጣች፣ ምስር ሾርባ ከሚሸጠው ሰውዬ ድስት ውስጥ ማማሰያውን መዥረጥ!

«ኧረ አንቺ! ሾርባዬ ያርርብኛል!»

«እመልሳለሁ!»

ምስሩ እየተንጠባጠበ ተመለሰች። አንዱን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ አስደግፋ ሌላውን ነከሰች። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ዴርያ ጎማውን ቀስ ብላ አዞረች።

እና ሰማችው! ራስ ቅሏ ውስጥ፣ ልክ ሞተሩ ግንባሯ ውስጥ ያለ ይመስል፤ የፒስተኑ መንሸራተት፣ የዘይቱ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ጥርት ብላ፦ ጢቅ።

«ኡሚ!» አለች።

«ምን?»

ማማሰያውን ተፋችው። «ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ!»

ዴርያ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አውጥታ ጎማው ላይ አንድ ወፍራም መስመር አሰመረች። ሪኬ ጎማውን ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ገፋችውና ለቀቀችው።

ቧ! ጥቁር ጭስ። ዝም። ዱግ። ዱግ። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ!

መንደሩ በሙሉ ጮኸ። ደወሉ የተደወለው ከዚያ በኋላ ነው፣ በጩኸቱ ማንም አልሰማውም! ዶክተር ፌርበር ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ይስቃል፣ ዴርያ ትዘላለች፣ በእትዬ ሮስቪታ ንጹሕ ወለል ላይ ጥላሸት እንደ በረዶ ይወርዳል።

«ሪኬ፣ ቅንድብሽ!» አለች ዴርያ። «ግራው የለም!»

ሪኬ ግንባሯን ዳሰሰች። እውነትም የለም። ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ በጣም ደስ አላት።

አባባ ኦትማር ጥግ ቆመው የጭስ ማውጫውን ያያሉ። «ጥሩ ድምፅ አለው» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሪኬ ማማሰያውን በቱታዋ ጠርጋ አቀበለቻቸው። «ይንከሱት፣ አባባ።»

«አልራበኝም።»

«ይንከሱት እኮ!»

ነከሱት። ጫፉን ሲሊንደሩ ላይ አደረገችላቸው። አያቷ አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸው ብቻ ትልቅ ሆነ። ቆይተው ቆይተው ማማሰያውን ከአፋቸው አወጡ።

«ካልሰማሁት ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጭሱን እያየሁ ነበር ጥሩ ድምፅ አለው የምላችሁ።» እና መልሰው ነከሱት።

ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ። እትዬ ሮስቪታ አንደኛ ነበሩ፣ የደረቀ ዳቧቸውን በጥርሳቸው ይዘው። «የእኔ ይሰማል? በደንብ ደርቋል!» የሾርባው ሰውዬ ከውጭ «ማማሰያዬን!» እያለ ይጮሃል።

አባባ ኦትማር አልሰሙትም። ሥራ ላይ ነበሩ።