ዐሥራ ዘጠኝ በግ የበላው በገና

«ከማወራው አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን ሚካኤል ምላሴን ይዝጋው!» አለ ዘውዴ፣ በግራ እጁ ወደ ግድግዳው እየጠቆመ። ቀኝ እጁ ጎረቤት ያመጡት የበግ ወጥ ውስጥ ነበር። «ያ በገና እዚህ ደብረ ብርሃን ተደርድሮ አንኮበር ተሰምቷል። ገደሉ ራሱ አብሮ አልቅሷል!»

የታናሽ ወንድሙ የፍሥሐ ሠልስት ነው። ድንኳኑን ነፋስ ቢያስቸግረው ለቀስተኛው ሳሎን ገብቶ ተጠጋግቷል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። በገናው ከሟቹ ፎቶግራፍ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከጎኑ አንዲት ባዶ በርጩማ አለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወርቅአገኘሁ ንፍሯቸውን እያላመጡ፣ «ስንት ዓመት ፈጀበት?» አሉ።

«ስድስት! ኖኅ መርከቡን እንዲህ ቢሠራት ኖሮ ዛሬ ማናችንም አልነበርንም።»

ሰዉ ለቅሶ ቤት የሚፈቀደውን፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን ሳቅ ሳቀ።

ፍሥሐ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ብድግ ብሎ በገና እሠራለሁ አለ። መጋዝ ገዛ፤ መላጊያ ገዛ። ዝግባ አስመጣ፤ ዝግባው ሲሰነጠቅበት ወይራ አስመጣ። አውታሩ የሚፈተለው ከበግ አንጀት ነው ቢሉት፣ የሥጋ ቤቱን አንጀት ቢላዋ ነክቶታል ብሎ ናቀና በግ እየገዛ ማረድ ጀመረ። አንዱ አንጀት ሲደርቅ ይበጠሳል፤ ሌላው ሲወጠር ይላላል። ለዐሥር አውታር በዘውዴ አፍ መቶ በግ አለቀ፤ በእውነቱ ዐሥራ ዘጠኝ።

ከዐሥራ ዘጠኙ አንዱም ዘውዴን አላመለጠውም። «ነገ አርዳለሁ» የሚል ስልክ ሲደርሰው በመጀመሪያው መኪና ከአንኮበር ከች ይላል። ፍሥሐ ጓሮ ተንበርክኮ አንጀት ሲያጥብ፣ እሱ ጎድን እየጋጠ ይመክረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ተሠርቶ ይሸጣል እኮ! በዚህ ሁሉ በግ የበገና ሱቅ ትከፍት ነበር።»

ፍሥሐ ቀና አላለም። «ሃያ ዓመት የሰው ማሽን ጠገንኩ፣ ጋሼ። አንድ ነገር እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከእጄ ይውጣ። ሲያልቅ ፊት የምትሰማው አንተ ነህ። ቃል ግባልኝ።»

«እሰማለሁ፣ ምን ገዶኝ! ብቻ ያቺ ጉበት እንዳታርርብህ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ንፍሯቸውን ዋጡ። «ታዲያ አንተ ሲደረድር ሰምተኸዋል?»

ዘውዴ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሸሻት የሰነበተች ጥያቄ ይህች ነበረች። ደረቱን ነፋ።

«ስሰማ! ባለፈው ሁዳዴ፣ እዚችው ቦታ ቁጭ ብዬ! እሱ ሲደረድር፣ እኔ ሳለቅስ፣ ቀኑ አለቀ። መጨረሻ ላይ እግሬ ላይ ወድቆ፣ ‹ጋሼ፣ ያላንተ አይሆንልኝም ነበር› አለኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ ተንሰቀሰቀች። ወሬው ለራሱ ለዘውዴም እውነት መሰለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የሟች ሚስት ሸዋዬ ጥግ ላይ፣ መሬት ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። በለቅሶ ድምፅዋ ተዘግቷል። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አደረገች።

«ወንድም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና፣ ስምንቱንም እሑድ ደወለልዎት። ስምንቱንም እሑድ ያችን በርጩማ ፊቱ አስቀመጠ። ‹መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል› ይለኝ ነበር። ሲመሽ ለበርጩማዋ ደረደረላት።»

አቶ ወርቅአገኘሁ የያዙትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ሁዳዴ ነበራ» አለች፣ ነጠላዋን መልሳ እየሸፈነች። «በግ አልታረደም።»

ዘውዴ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እጁን ከሳህኑ አነሣ። ጣቶቹን አንድ በአንድ በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ፤ ስቡ አልለቅ አለው። ከዚያ ተነሥቶ በርጩማዋን ሳበና በገናው ፊት ቁጭ አለ። አውታሩን አልነካም። ጆሮውን ብቻ ወደ እሱ ዘንበል አደረገ።