የመልስ ጭነት

ጓንጉል ሰቆጣ ቤቱ ሲገባ ወገቡ የራሱ አይመስለውም። ከወልድያ በኮረም አድርጎ የእርዳታ ስንዴ ማመላለስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ዳገቱ መኪናውን ብቻ ሳይሆን እሱንም አስረጅቶታል።

ያን ሰሞን ናፍጣ እሳት ሆነና ወልድያ ያለው የስምሪት ኃላፊ ዓለምነህ ሾፌሮቹን ሰብስቦ ሁለት ነገር አዘዘ፤ አትሩጡ፣ ባዶ አትመለሱ። ፍየልም ይሁን ማር፣ ሰውም ቢሆን ጫኑ አላቸው። ሌሎቹ አጉረመረሙ። ጓንጉል ግን አመነበት። በባዶ መኪና ያን ሁሉ ናፍጣ ማቃጠል ግፍ ነው እያለ ራት ላይ ሳይቀር ይሰብክ ጀመር። ሚስቱ ተዋበች ስብከቱን ለቄሶቹ ተውላቸው ትለው ነበር።

ከዋግ ግን ምን ይጫናል? በዚያ ድርቅ ፍየሉም አጥንቱ ቀርቷል። የሚጫነው ልጅ ነበር። ከዋጉ ዝቋላም ከሰቆጣ ዙሪያም የመጡ ወጣቶች ፌስታል አንጠልጥለው ገበያው ዳር ይጠብቁታል። መንገደኛን ወዴት ነህ ማለት ነውር ነውና አይጠይቅም፤ ሲወርዱ ካሰባችሁበት ያድርሳችሁ ይላል፣ በቃ። ስንዴ ያወጣል፣ ልጅ ያወርዳል። አንዳንዴ ይሄ ሥራ ያስጠላዋል።

አንድ ጠዋት ከወጣቶቹ መሀል አንድዬ ሴት ልጁን አምሳለን አያት። ዐረብ አገር ልትሄድ መሆኗን እናቷ ታውቅ ኖሯል፤ ለእሱ የነገረው የለም። ተቆጣ፣ ቤት ግቢ አላት፣ በኋላም ለመናት።

«አባዬ፣ በሌላ መኪና ልሂድ?» አለችው ቀስ ብላ። «ባዶ መመለስ ግፍ ነው ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉ?»

ቢከለክላት ከማያውቀው ሾፌር ጋር እንደምትሄድ ገባው። የጋቢናውን በር ከፈተላት።

ያን ቀን መኪናው ሲያዘግም ዋለ። ከኋላው የመጣው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈው። ኮረም ላይ ሳይርበው ምሳ አዘዘ። ወደ አላማጣ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ፣ ምርኩዝ እንደያዘ ሽማግሌ ወረደው። እሷ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች፤ አፏን ከፍታ መተኛቷ ከልጅነቷ አልተለወጠም። ሊያያት ሲል መንገዱን እየሳተ ተቸገረ።

ወልድያ መናኸሪያ ስትወርድ ጉልበቱን ሳመችው። ብዙ ሊላት አስቦ ነበር።

«ካሰብሽበት ያድርስሽ» ብቻ አለ።

በማግስቱ የየመኪናው ናፍጣ ሲለካ ከሁሉም ያነሰ ያቃጠለው የጓንጉል ሆኖ ተገኘ። ዓለምነህ በደስታ ሾፌሮቹን ጠራና ዘዴውን እንዲያስረዳቸው ከፊት አቆመው። ጓንጉል መሬት መሬቱን አየ።

«መድረስ እንደማይፈልግ ሰው ነው የነዳሁት» አለ።

ሾፌሮቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።