የማትቆጣዋ

“ቀስታ” የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ፍሬን ሲይዝ ቆመው የሚሄዱት እንኳ አይነቃነቁም ነበር። ጡረታ ወጥቶ እቤት መዋል ሲጀምር ግን ያ ጭምት ሰው የሚስቱን ናላ ያዞረው ጀመር። “ዛሬ ምን ቀን ነው?” ይላል። ትነግረዋለች። የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ደግሞ፣ “ዛሬ ምን ቀን ነው?”

ሚስቱ እቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኮሌታ ገልብጦ መስፋት ሐሳብ መሰብሰብ ይፈልጋል። ሐኪሙ “ሕመም ነው፤ አውቆ አይደለም” ብሏታል፤ ታውቃለች። ማወቅ ግን ትዕግሥት አይሆንም። አንድ ቀን መርፌው ጣቷን ሲወጋት፣ “ኧረ በፈጠረህ፣ አሁንስ በቃኝ!” ብላ ጮኸችበት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ እሷ ስታለቅስ ዋለች።

መላ ያመጣችው ልጃቸው ናት። ስልኩ ውስጥ ሲጠይቋት በድምፅ የምትመልስ ረዳት አለች፤ አባትዬው ግን ሲደወልለት “ሃሎ” ከማለት በቀር ስልኩን ለምንም አይጠቀምበትም ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ አለማመደችው።

“አባዬ፣ ቀኑን ጠይቃት። ‘የመድኃኒቴ ሰዓት ሲደርስ አስታውሺኝ’ በላት። መንገድ ቢጠፋህም እሷው ትመራሃለች።”

“ደጋግሜ ብጠይቃትስ?”

“የፈለግከውን ያህል ጠይቃት። እሷ አትቆጣም።”

እናት ከማሽኗ ቀና አላለችም። በኋላ ግን፣ “ጣውንት አመጣሽብኝ አይደል?” ብላ ከልጇ ጋር ተሳሳቁ።

እውነቱን ለመናገር እፎይ ነው ያለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እሱ ሳሎን ሆኖ፣ “እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ ይዘንባል?” ይላል፤ ያቺም “እርስዎ” እያለች ትመልስለታለች። ሚስቱን እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ቀናች ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም በቀን የምትጨርሰው ኮሌታ በዛላት፤ ቅናቷን ዋጥ አድርጋ መስፋቷን ቀጠለች።

ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት ድምፁን ስትሰማ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል አላነሳችም። “እባክሽ እህቴ፣ ሥራ ረፍዶብኛል፤ ወደ አውቶቡስ ጋራዡ ምሪኝ” ሲል ሰምታለች። ሰምታለች! ድሮ ቢሆን ይህን የሚላት እሷን ነበር፤ “አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ” ብላ ታስቀምጠው ነበር። ያቺኛዋ ስለ ጡረታው ምን ታውቃለች? “በቀጥታ ይሂዱ” አለችው፤ ሄደ።

ሚስት ክር ልትቀይር ቀና ስትል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክው አለች። ስልኩ ላይ ስትደውል ያነሳው የጋራዡ ጥበቃ ነው።

“አይዞሽ እትዬ፣ እኛ ጋ ናቸው። ዋናውን አስፋልት መሀል ለመሀል ሲያቋርጡ አንድ መኪና ለጥቂት ነው የሳታቸው።”

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ባሏ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ወድቆ ኖሮ ጉልበቱ ተልጧል።

“ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?” አለች።

“ሥራ አለብሽ” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ደግሞ ትቆጪያለሽ።”

እዚያው መሬቱ ላይ ተንበርክካ እግሩን ያዘች። የሚያያት ሰው ይኑር አይኑር ግድ አልሰጣትም። “ከዛሬ ጀምሮ እኔን ጠይቀኝ። ሺ ጊዜ ጠይቀኝ። ብቆጣህ ምላሴን ይቁረጠው!”

“እሺ” አለ፣ ደስ ብሎት።

ታክሲ ውስጥ ሆነው ወዴት እንደሚሄዱ ደጋግሞ ጠየቃት፤ ደጋግማ “ወደ ቤታችን” አለችው። እቤት ገብተው ቁስሉን ስታጥብለት ደግሞ፣ “ምን ሆኜ ነው?” አለ። ነገረችው። ጥቂት ቆይቶ ጠየቀ፤ ነገረችው። አሁንም ጠየቀ። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አንድ ረጅም ትንፋሽ አመለጣት። ቁጣ አልነበረም። ድካም ነው፤ በልጇ ትምላለች፣ ድካም ብቻ ነው።

እሱ ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። እጇን ከጉልበቱ ላይ በዝግታ አነሳና፣ “ተይው በቃ፤ እሷን እጠይቃታለሁ” ብሎ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።